የጓቴማላ አጠቃላይ ምርጫ፦ ድምፁ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ

ጓቴማላ በየ4 ዓመቱ አጠቃላይ ምርጫ ታካሂዳለች። ፕሬዚዳንቱ፣ 160ዎቹ የኮንግረስ አባላት፣ የ340 ማዘጋጃ ቤቶች ከንቲባዎችና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ፓርላማ የሚላኩት ተወካዮች ሁሉ በአንድ ቀን ይመረጣሉ። መራጩ ጣቢያ ሲደርስ ቀለማቸው የተለያየ አምስት ወረቀት ይሰጠዋል። ነጩ የፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሮዙ የከንቲባው። ምልክቱን አድርጎ ኮሮጆ ውስጥ ይከታል፣ ጣቱን ቀለም ይቀባል፣ ይወጣል።

ለፕሬዚዳንትነት ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ መሪዎች በድጋሚ ይወዳደራሉ። አንዴ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ዳግም መመረጥ አይችልም። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ሆን ተብሎ የሚበላሽ ድምፅም ዋጋ አለው፤ ከግማሽ ከበለጠ ምርጫው ይደገማል።

እኛ አገር ምርጫ ቦርድ የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚይዘው በ1983 የተቋቋመው የበላይ የምርጫ ፍርድ ቤት ነው። ትልቁ ነገር ያለው ግን ታች ጠረጴዛው ላይ ነው። ድምፁን የሚቆጥሩት ተራ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፦ የሠፈር ሰው፣ ተማሪ፣ አስተማሪ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። የጠረጴዛው ሰብሳቢ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያወጣ ለፓርቲ ታዛቢዎች ያሳያል። ውጤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ይፈረምበታል፣ ታዛቢዎቹም ግልባጭ ይወስዳሉ። የቃለ ጉባኤው ምስል ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጣ ማንም ሰው ገብቶ ማመሳከር ይችላል። በ2023 ምርጫውን ያዳነው ይህ ወረቀት ይመስለኛል።

ያ ዓመት ሲጀመር ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። የነባሩ የማያ ሕዝብ መሪ ቴልማ ካብሬራ እንዳትወዳደር ተከልክላለች። በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ሲመራ የነበረው ካርሎስ ፒኔዳም ድምፅ ሊሰጥ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በፍርድ ቤት ውሳኔ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ደጋፊዎቹንም ድምፃችሁን አበላሹ አላቸው። ጁን 25 ሲቆጠር የተበላሸው ድምፅ ከየትኛውም እጩ በለጠ፤ 17 በመቶ ገደማ። ቀዳማዊት እመቤት የነበረችው ሳንድራ ቶሬስ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የሆነው ግን ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው፤ የሴሚያ ፓርቲው በርናርዶ አሬቫሎ። ሴሚያ ማለት ዘር ማለት ነው። አሬቫሎ ከ1945 እስከ 1951 አገሪቱን የመራው የሁዋን ሆሴ አሬቫሎ ልጅ ነው። የተወለደው ቤተሰቡ በስደት ሳለ ነው፣ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ። መፈክሩ ሙስናን መዋጋት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ያስደነግጣል። ውጤቱ በጸደቀበት ቀን፣ ጁላይ 12፣ ዐቃቤ ሕግ ፓርቲው እንዲታገድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አገኘ። ሕጉ ግን ምርጫ ከተጠራ በኋላ ፓርቲ አይታገድም ይላል፤ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤትም ወዲያው ትእዛዙን አስቆመ። ኦገስት 20 በተካሄደው ሁለተኛ ዙር አሬቫሎ 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። ይህም አላበቃም። መርማሪዎች ሴፕቴምበር ላይ የድምፅ ሣጥኖችን ከፈቱ፣ ቃለ ጉባኤዎቹን ጭነው ወሰዱ። ግልባጩ ግን በየፓርቲው እጅ ነበር፣ ምስሉንም አገር አይቶታል።

ኦክቶበር 2 ላይ የቶቶኒካፓን 48 ቀበሌዎች የኪቼ ሕዝብ መሪዎች የሥልጣን በትራቸውን ይዘው ዋና ከተማዋ ገቡ። ጥያቄያቸው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ የኮንሱዌሎ ፖራስ ሥልጣን መልቀቅ ነበር። ሌሎች ነባር ሕዝቦች፣ ተማሪዎችና የገበያ ነጋዴዎች ተቀላቀሏቸው። ለሳምንታት አውራ ጎዳናዎች ተዘጉ። በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ከ100 ቀን በላይ አደሩ፤ እዚያው አበሰሉ፣ እዚያው ተኙ። ብዙዎቹ ለአሬቫሎ ያልመረጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚሟገቱት ለተቆጠረው ድምፅ ነበር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝም ይህ ነው።

ጃንዋሪ 14፣ 2024 የበዓለ ሲመቱ ቀን፣ ኮንግረሱ በሴሚያ አባላት ጉዳይ ሲጨቃጨቅ ዋለ። እንግዶቹ ጠበቁ፤ ሕዝቡ አደባባይ ላይ ጠበቀ። አሬቫሎ ቃለ መሐላ የፈጸመው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሳይነጋም ደጃፉ ላይ ወደሚያድሩት ሰዎች ሄደ።

ያኔ የ48ቱን ቀበሌዎች የመራው ሉዊስ ፓቼኮ በኋላ የአሬቫሎ መንግሥት ምክትል ሚኒስትር ሆነ። በኤፕሪል 2025 በዚያው ተቃውሞ ሳቢያ በሽብር ተከሶ ታሰረ።