ጎማ የሌለው ማረሻ ጎድሎበት አይደለም፦ በአሮጌ የትራክተር ማረሻዎች ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ ማረሻ ከሣር ውስጥ ተጎትቶ ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው የቀለም ቆርቆሮ ነው። መነሣት የነበረበት የእጅ ባትሪ ነበር። ማን እንደ ሠራው፣ ከየትኛው ትራክተር ጋር እንደ ኖረ፣ ምን እንደ ተቀየረበት ብረቱ ራሱ ይዞታል። ሳናነበው ከቀባነው ምስክሩን ለጎምነው ማለት ነው።

እዚህ የማነሣው በተለይ የፈርጉሰንን ማረሻ ነው። አየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን፣ ከኋላ ይጎተት የነበረውን ማረሻ በሦስት ነጥብ (ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ) አያይዞ ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። ቲኢ20 የተባለው ትንሹ ግራጫ ትራክተሩ ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በአገራችን እርሻ የምናውቀው ማሲ ፈርጉሰን የስሙን ግማሽ የወረሰው ከዚሁ ሰው ነው።

«ቀለሙ ሠሪውን ይናገራል»

ቀለም የሚናገረው መጨረሻ የቀባውን ሰው ነው። የፈርጉሰን ኩባንያ በ1953 እ.ኤ.አ. ትራክተሮቹን ቀይ ይቀባ ከነበረው የካናዳው ኩባንያ ማሲ ሃሪስ ጋር ከተዋሃደ በኋላ፣ አንድ ገበሬ ግራጫውን ማረሻ ከአዲሱ ቀይ ትራክተሩ ጋር እንዲስማማ ቢቀባው ማን ይከለክለዋል? የመጀመሪያውን ቀለም የሚፈልግ ቡሎን ፈትቶ ከሥሩ ይመልከት፤ እዚያ ፀሐይም አፈርም አልደረሰም።

«ከብረቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ሞዴሉ ነው»

አይደለም። አብሮት የተቀዳው ቁጥር የዚያ ክፍል ቁጥር ነው፤ ያው ክፍል በሁለትና በሦስት ዓይነት ማረሻዎች ላይ ሊገባ ይችላል። ሞዴሉን የሚነግረው በሪቬት የተመታው ትንሹ ሰሌዳ ነው፤ ግራይንደር የያዘ ሰው ቀድሞ የሚያጠፋውም እሱን ነው።

«ጥልቀት የሚወስነው ጎማ ጠፍቶበታል»

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ጎማ በይዶ «አሟላሁት» የሚል ሰው አይጠፋምና። የፈርጉሰን ሞልድቦርድ (አፈር ገልባጭ) ማረሻ ጥልቀት የሚወስን ጎማ አልነበረውም፤ የፈጠራው ልብ እዚህ ላይ ነው። ማረሻው ጠልቆ ሲገባ አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው ማያያዣ ዘንግ ወደ ፊት፣ ወደ ትራክተሩ ይገፋል። ግፊቱ ጠንካራ ሞላ ይጨቁናል፤ የሞላው እንቅስቃሴ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ይከፍትና ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። አፈሩ ሲላላ ተመልሶ ይወርዳል። እግረ መንገዱንም ክብደቱን ወደ ትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ስለሚያሸጋግር ቀላሉ ትራክተር መሬት ቆንጥጦ ይጎትታል። ጎማ ሲጨመርበት ማረሻው በጎማው ላይ ያርፋል፤ ያ ሁሉ ብልሃትም ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ጥልቀቱ የማይረጋ ፈርጉሰን ያለው ሰው ጎማ ከመፈለጉ በፊት ሞላው በዝገት ተይዞ እንደሆነ ይፈትሽ።

በተቃራኒው፣ ከፋብሪካው ጎማ ይዞ የወጣ ማረሻ ስለ ጎታቹ ፍንጭ ይሰጣል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው ፎርድሰን ሜጀር የተባለው የፎርድ ትራክተር፣ ለምሳሌ፣ ሃይድሮሊክ ማንሻ ቢኖረውም እንዲህ ያለ የጥልቀት መቆጣጠሪያ አልነበረውም፤ ጥልቀቱን የሚጠብቅለት ጎማ ነበር። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የምናየው የዲስክ ማረሻ የኋላ ጎማ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ማረሻው ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዝ ነው።

«ባለ ሦስት ነጥብ ከሆነ ለማንኛውም ትራክተር ይገጥማል»

የፒኑ ውፍረት ይለያያል። የፈርጉሰን ዘመኑ መጠን ዛሬ አንደኛ ምድብ የሚባለው ሲሆን የታችኛው ፒን 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሁለተኛው ምድብ 28 ገደማ። የትራክተሩ ቀዳዳ ሰፍቶ ፒኑ ከተንቀዠቀዠ መፍትሔው ማስተካከያ ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) ነው። የድሮውን ፒን ቆርጦ ወፍራም መበየድ ዕቃውን ማበላሸት ነው።

«ስለቱ ከደነዘዘ ቀጥቃጭ ያሾለዋል»

ይህ ከእኛ አገር ማረሻ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። የበሬው ማረሻ ጫፍ በእሳት ግሎ በመዶሻ ይሳላል፤ ባለ እጁ ያውቅበታል። ብዙ አሮጌ የእንግሊዝ ማረሻዎች ግን መሬት የሚቆርጠው ጫፋቸው ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ጋራዥ ውስጥ ጊዛ የሚባለው ነው። በእንግሊዟ ኢፕስዊች ከተማ ማረሻ ይሠራ የነበረው ሮበርት ራንሰም በ1803 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው ዘዴ፣ የጫፉ የታች ገጽ ሲቀዳ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ነበር። ቶሎ የቀዘቀዘው ወገን እጅግ ይጠነክራል፤ ለስላሳው የላይኛው ገጽ በአፈር ቶሎ ሲያልቅ ጠንካራው የታችኛው ይቀራል፤ እያረሰ ራሱን ይስላል። እንዲህ ያለውን በመዶሻ ቢመቱት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ካለቀ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ለመለየት ጥጉን ግራይንደር ላይ ትንሽ ማስነካት ይበቃል፦ ጊዛ አጭርና ደብዛዛ ቀይ ፍንጣሪ፣ ስቲል ረጅምና ደማቅ ፍንጣሪ ይሰጣል።

«ዳዶ ዳዶ ነው፤ ከገባ ይበቃል»

ዊትዎርዝ የሚባለው የድሮው የእንግሊዝ የቡሎን ጥርስና የአሜሪካው በብዙ መጠኖች ይቀራረባሉና ዳዶው ይገባል፤ ግማሽ ኢንቹ ግን አይሆንም። የእንግሊዙ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፣ የአሜሪካው 13 አለው። ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል፤ በረጅም ቁልፍ የሚታገል ሰው ቡሎኑን ይቆርጠዋል።

«ኤሌክትሪክ ዝገትን ወደ ብረት ይመልሳል»

የተበላው ብረት አይመለስም፤ ዝገቱ ብቻ ይለቃል። ዘዴው ጥሩ ነው፦ የፕላስቲክ በርሜል፣ ውኃ ከማጠቢያ ሶዳ ጋር፣ የዛገው ዕቃ በባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ በኩል፣ ተራ ቁራጭ ብረት በፖዘቲቩ በኩል። ቁራጩ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጂን ስለሚወጣም ሥራው ከቤት ውጭ ነው።

«ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች ይቀባል»

አፈሩን የሚገለብጠው ቆልማማ ብረት ቀለም አይፈልግም፤ እርጥብ አፈር ቀለም ላይ ይጣበቃል። በብዙዎቹ ይህ ብረት ሦስት ንብርብር ነው፦ ከውጭ ጠንካራ፣ መሐሉ ለስላሳ። ግራይንደር ያንን ጠንካራ ቅርፊት ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ጸድቶ በራሱ አሸዋና አፈር ሲወለወል እንደ መስታወት ያበራል፤ ከእርሻ ሲመለስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ግራሶ ይቀባል። ግራጫው ቀለም ለሞፈሩ ነው።