ከምርምር ወደ ጆርናል ሥራ፦ ደሴና ኮምቦልቻ የሚወራውና እውነታው

ምርምሩን ትቶ የምርምር ጽሑፎችን መዝኖ በሚያወጣ የሳይንስ ጆርናል ውስጥ ስለመሥራት ካነሳችሁ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ባሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ዙሪያ ተስፋ የሚያስቆርጥ ወሬ አይጠፋም። ብዙው ልክ አይደለም።

«ምርምር ያቃተው ነው ኤዲተር የሚሆነው።» ይሄ በጣም ያናድደኛል። ለጆርናሉ የተላከው ጽሑፍ ጥያቄው አዲስ ነው? ናሙናው ለድምዳሜው ይበቃል? የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው? ጽሑፉን የሚመዝኑት ሁለት ገምጋሚዎች፣ ማለትም የዘርፉ ባለሙያዎች፣ ሳይስማሙ ሲቀሩስ የማን ሐሳብ ሚዛን ይደፋል? እነዚህን የሚመልሰው ኤዲተሩ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታካሚ ካርድ ሲያገላብጥ የከረመ ተመራማሪ፣ የጎደለ መረጃ ውጤትን እንዴት እንደሚያዛባ በእጁ ያውቀዋል። ያ እውቀት እዚህም እንጀራ ይሆነዋል። የሚቀርበት ነገርም አለ። የራሱን ጥያቄ ይዞ ዓመታት መቆፈር ይቀራል። ያ የሚያንገበግበው ሰው ደጋግሞ ያስብበት።

«ሥራው ሰዋስው ማረም ነው።» እሱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ግምገማውን የሚያስተባብር አለ። ስታቲስቲክሱን የሚፈትሽ፣ የተቀዳ ጽሑፍና የተነካካ ምስል የሚያጣራ፣ ገጹን አሰናድቶ የሚያወጣም አለ።

«ፒኤችዲ የግድ ነው።» ትልልቅ ጆርናሎች በጽሑፍ ላይ የሚወስን ኤዲተር ሲቀጥሩ ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። ለማስተባበሩና ለዝግጅቱ ግን ያለሱም ይገባል።

«ኤዲተር ከሆንኩ የጓደኞቼን ፔፐር አሳልፋለሁ።» አይሆንም። የጥቅም ግጭት ያለበት ኤዲተር ከዚያ ጽሑፍ ራሱን ያገላል። የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ ኮፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ኤዲተሮች እንዲህ ያለውን ችግር አብረው እንዲመክሩበት ነው።

«ውጭ ካልሄድክ አይሞከርም።» ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እዚሁ አገር ይወጣል። የአፍሪካን ጆርናሎች ኦንላይን የሚያሰባስበው ኤጆልም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ አገር ውስጥ ኤዲተርነት በአብዛኛው ከማስተማር ጎን ለጎን የሚሠራ ነው። ደመወዙ ብቻውን የሚያኖር ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በገምጋሚነት ግቡ። ክፍያ የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ጽሑፍ ሲመዘን ከውስጥ ታያላችሁ። በሙያችሁ ለሚወጣ ጆርናል ኢሜይል ላኩ። የምታውቁትን የምርምር ዘዴና ያሳተማችሁትን ግለጹ፤ መገምገም እንደምትፈልጉም ጻፉ።