ፔፐሩ ብር ጠየቀ ማለት በነፃ የለም ማለት አይደለም

ቴሲስ የሚሰሩ የጤና ተማሪዎችም ክፍለ ሀገር ያሉ ሐኪሞችም ስለ ነፃ የምርምር ጽሁፍ (ፔፐር) ደጋግመው የሚሏቸው ነገሮች አሉ፣ ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

"ፐብሜድ ላይ ካለ ነፃ ነው"

አይደለም። ፐብሜድ የጤና ምርምር ጽሁፎች መፈለጊያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ብቻ ነው። ሙሉውን በነፃ የሚያስቀምጠው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፒኤምሲ (ፐብሜድ ሴንትራል) ነው። ፐብሜድ ላይ ስትፈልጉ በግራ በኩል "ፍሪ ፉል ቴክስት" የሚለውን ምረጡ፣ በነፃ የሚከፈቱት ብቻ ይቀራሉ።

"ብር ከጠየቀ በቃ አለቀ"

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አሳታሚው ዶላር ቢጠይቅም ያው ፔፐር የጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ዌብሳይት ላይ በህጋዊ መንገድ በነፃ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን እንዳለ ኮፒ አርጋችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፔስት አርጉት፣ በስተቀኝ ፒዲኤፍ የሚል ካላያችሁ ከስር ያሉትን ሌሎች ቨርዥኖች ክፈቱ፣ ብሮውዘራችሁ ላይ አንፔይዎል የሚባለውን ነፃ ኮፒ ፈላጊ ብትጭኑ ደግሞ ነፃ ኮፒ ሲያገኝ አረንጓዴ ቁልፍ ያሳያችኋል። ካልተገኘ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉ፣ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ አብስትራክቱ ገጽ ላይ አለ፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

"ሂናሪ ይከፈልበታል"

የሚከፈልባቸውን የጤና ጆርናሎች ለታዳጊ አገራት ተቋማት የሚከፍተው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ነው። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ እንጂ ግለሰብ አይደለም፣ ስለዚህ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ላይብረሪያችሁን ጠይቁ፣ ካልተመዘገበም እንዲመዘገብ ወትውቱ። ስንት ተማሪ እዛው ግቢው ውስጥ ያለውን ነገር ሳያውቅ ይመረቃል!

"ነፃ ከሆነ ጥራት የለውም"

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ለማንም ክፍት ነው፣ ፕሎስ ሜዲስንም እንደዛው። ብር ተቀብለው ምንም ሳይገመግሙ የሚያወጡ አጭበርባሪ ጆርናሎች መኖራቸው እውነት ነው፣ ስለዚህ ጆርናሉ ዶአጅ (DOAJ) በሚባለው የተጣሩ ነፃ ጆርናሎች ዝርዝር ላይ መኖሩን እዩ። ሜድአርካይቭ (medRxiv) በሚባለው ዌብሳይት ላይ ያለ ፔፐር ደግሞ በባለሙያ ገና ያልተገመገመ መሆኑን አትርሱ።

"አብስትራክቱ ይበቃል"

ለታካሚ ስትወስኑ አይበቃም። አብስትራክቱ መድሃኒቱ ሰራ ይላችኋል፣ እርጉዞችና የኩላሊት ታማሚዎች ጥናቱ ውስጥ እንዳልገቡ ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሜተድስ (ጥናቱ እንዴት እንደተሰራ የሚገልጸው ክፍል) ውስጥ ነው፣ እናንተ ጋ የመጣችው ታካሚ ደግሞ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች።