ጌታ ሲጠይቀን

በጥሞና ጊዜያችን ጥያቄ ጠፍቶብን አያውቅም። "ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ?" "ለምን እኔ ላይ?" እንላለን። ይሄ ምንም ክፋት የለውም፤ መዝሙረ ዳዊትም በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተሞላ ነው። ግን እሱ ሲጠይቀን ምን እናደርጋለን? አብዛኛውን ጊዜ አንብበን እናልፋለን።

እስቲ ማርቆስ ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። ኢየሱስ በዚህ ምዕራፍ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ቁጥር 36 ላይ ያዕቆብንና ዮሐንስን፣ ቁጥር 51 ላይ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን፣ ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸዋል። ዓይነ ስውር ሰው ምን ሊፈልግ ነው? ያስብላል። ጌታ ደግሞ ሳይነግሩትም ያውቃል።

ከጥያቄው በፊት የተባለውን ግን አስተውሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች "የምንለምንህን ሁሉ እንድታደርግልን እንፈልጋለን" ብለው ነው የመጡት። ዝርዝሩን ሳይናገሩ አስቀድሞ እሺ እንዲላቸው! በርጤሜዎስም ይጮህ የነበረው "ማረኝ" እያለ ነው። እውነተኛ ጸሎት ነው፤ ግን ሁሉን ያቀፈ ነው። ኢየሱስ ሲጠይቃቸው የልባቸው ወጣ። የእነዚያ በክብሩ በቀኙና በግራው መቀመጥ፣ የዚህ ማየት።

የእኛም ጸሎት "ባርከኝ፣ ጠብቀኝ፣ መንገዴን አቅና" ላይ ይቆማል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ምዕራፉን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ሌላ ምዕራፍ አትሂዱ። ወረቀት ያዙና "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" የሚለውን ጻፉ። ከሥሩ መልሱን። የመጀመሪያው መልስ ያማረ ነው የሚሆነው፤ "ሰላምህን ስጠኝ" ምናምን። እሱን ተዉትና "ሌላስ?" በሉ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ደስ የማይል ነገር ብቅ ሊል ይችላል፤ "ያ የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ በላይ እንዳያድግ" የሚል። አትሰርዙት። ያዕቆብና ዮሐንስም ያሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ኢየሱስ ደግሞ "የምትለምኑትን አታውቁም" አላቸው እንጂ አላባረራቸውም። እሱ የሚጠጣውን ጽዋ፣ ማለትም መከራውን፣ መጠጣት ይችሉ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ጠየቃቸው።

መልሳችሁ ከትናንቱ ጋር አንድ ቢሆንስ? ኤልያስ በኮሬብ "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል (1ኛ ነገሥት 19)። ሁለቴም ያንኑ ምሬት ነው የመለሰው። "ብቻዬን ቀረሁ" አለ። እግዚአብሔርም "እንደገና አስብ" ብሎ አልተቆጣውም፤ ሥራ ሰጠው፣ በእርሱ ፋንታ የሚቀባውን ኤልሳዕን ነገረው፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉም አሳወቀው።

አንድ አደጋ ግን አለ። ጥያቄው ራስን መቦርቦር ሊሆን ይችላል። "ለምን እንዲህ ሆንኩ?" እያሉ አንድ ቦታ መሽከርከር ጥሞና አይደለም፤ በኋላ ድካም ብቻ ነው የሚተርፈው። ዳዊት "አቤቱ፥ መርምረኝ" ሲል መርማሪው ራሱ ዳዊት አይደለም። መዝሙር 42 ላይ ያለው ሰውም ነፍሱን ለምን እንደምታዝን ይጠይቃታል፣ ግን እዚያው አይተዋትም፤ በእግዚአብሔር እንድትታመን ይነግራታል። ጥያቄያችሁ ወደ እሱ ካላዞራችሁ፣ ወረቀቱን አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ጸልዩ።

በቡድን የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ መሪው ጠይቆ ዝም ማለትን ይልመድ። ብዙዎቻችን ጠይቀን ትንፋሽ ሳንወስድ ራሳችን እንመልሳለን! ዝምታው ቢከብድም ጠብቁ። ሁሉም በዚያው ሰዓት እንዲናገር አታስገድዱ፤ ያልተዘጋጀ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድና ለብቻው ከጌታ ጋር ይነጋገርበት።