አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ፣ የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት የመዋጮውን ጭማሪ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ቀበል አድርገው፣ «እትዬ፣ አንድ እንጨት አይነድም!» አሏቸው። ሰው ሳቀ፤ እናትየዋም ቁጭ አሉ። እኔን ግን ከነከነኝ። «አንድ ሰው አይፈርድም» የሚለው ግማሽ የት ገባ? አባባሉ ብቻውን ለሚፈርድ ሰው ተግሣጽ ነው። ብቻውን የሚቃወመውን ዝም ማሰኛ ሲሆን ያሳዝናል።

በጦሳ ተራራ ብርድ ያደገ ሰው የእሳትን ነገር ያውቃል። አያቴ ቤት ምድጃውን ማቀጣጠል የእኔ ሥራ ነበር። የወይራ ፍልጥ ብቻውን ሲለኮስ ጫፉ ቀላ ብሎ፣ ትንሽ ጨሶ ይጠፋል። ሌላ ሲያስጠጉበት አንዱ የአንዱን ሙቀት እየተቀበለ ይያያዛል። ቶሎ ይንደድልኝ ብዬ ፍልጡን አጣብቄ ስከምረው ግን ቤቱ በጭስ ይታፈናል። አያቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ ይመጡና በመቆስቆሻው ፈልቀቅ ፈልቀቅ ያደርጉታል። «እንጨትም ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ልጄ» ይሉኛል። ወዲያው ቦግ ይላል።

ይህ አባባል የተወለደው እንዲህ ያለ ምድጃ ዳር ነው ባይ ነኝ፤ ያውም ወሎ ውስጥ። አበጋሮቻችን ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ነገሩ ሳይቋጭ መሽቶ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ፍልጥ እየተቆሰቆሰ ሲመከር ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቱን አይቶ ተናግሮት ይሆናል። ሌላ አገር ሰው የኛ ነው ቢል አልሟገትም፤ ልቤ ግን ከወሎ አይወጣም።

አባባሉ የሚለውን፣ ከአንድ ፈራጅ ብዙ እንደሚሻል፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 በሒሳብ አሳይቶታል። እያንዳንዱ ፈራጅ ከ100 ጊዜ 60ውን ትክክል ይፈርዳል እንበል። ሦስት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መዝነው በድምፅ ብልጫ ቢወስኑ ወደ 65 ከፍ ይላል። 11 ቢሆኑ 75 ይደርሳል። ቁም ነገሩ «በራሳቸው መዝነው» የሚለው ላይ ነው። አሥሩ የሰብሳቢውን ፊት አይተው እጅ ካወጡ፣ 11 ሰው ተሰብስቦም ያው የአንድ ሰው 60 ነው። እያንዳንዱ ትክክል የሚሆነው 40 ጊዜ ብቻ ከሆነማ ብዛቱ ራሱ ይጎዳል፤ የ11ዱ ውሳኔ ወደ 25 ይወርዳል።

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሞሪስ ዴግሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 መደማመጥን ራሱን በቀመር አስቀመጠ። ሰው ሁሉ በየዙሩ የሚያምናቸውን ሰዎች ሐሳብ እየመዘነ የራሱን ያስተካክላል። ሁሉም በቀጥታም ሆነ በሰው በኩል ከተደማመጡ ውለው አድረው አንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። ያ ሐሳብ ግን ይበልጥ ተሰሚ ወደሆነው ሰው ያጋደለ ነው። እሱ ከተሳሳተ ሁሉም ተስማምተው ይሳሳታሉ። አያቴ የሚፈለቅቁት ክምር ይሄ ነው።

የዘንድሮ ስብሰባ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል። ሰብሳቢው ሩብ ሰዓት የራሱን ሐሳብ ሲያብራራ ይቆይና «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ይላል። ከዚያ ደግሞ «በሙሉ ድምፅ አለፈ» ተብሎ ይጨበጨባል። ሰብሳቢ ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ቢናገር ምን ይቀርበታል? ለገንዘብ ጉዳይ እንኳ ድምፁ በወረቀት ቢሰጥ ምናለ? ብጣሽ ወረቀት አጥፎ መሰብሰብ እኮ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።