ዩአይዲ ምንድን ነው? ሊኑክስ ላይ ሥልጣን የሚቆጠረው በስም አይደለም

ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ሰርቨር ላይ ማን ምን መሥራት እንደሚችል ለማጣራት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ስም ነው። ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና አካውንት፣ “ሩት”፣ አንድ ብቻ መሆኑን ያይና ይረጋጋል። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ ግን ፈቃድ ሲመዝን ስም አይጠይቅም፤ የሚያየው ዩአይዲ የሚባለውን የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ሩትን ሩት ያደረገው ቁጥሩ 0 መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ያለው ኢቲሲ ማውጫ ውስጥ፣ ፓስውድ በተባለው ፋይል ነው። በዚህ ፋይል እያንዳንዱ አካውንት አንድ መስመር አለው፤ መስመሩ በሁለት ነጥብ ለሰባት ይከፈላል፣ ሦስተኛው ክፍል ዩአይዲ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የሰዎች አካውንት ከ1000 ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ያሉት በአብዛኛው የሲስተሙ አገልግሎቶች ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዴቢያን ላይ ከመጀመሪያው ባካፕ የሚባል አካውንት አለ፤ ቁጥሩ 34 ነው። ሰርጎ የገባ ሰው ያንን 34 ወደ 0 ቢቀይረውና ፓስወርድና ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ቢሰጠው፣ ሌላ ሩት ተፈጠረ ማለት ነው። ስሙ የተለመደ ስለሆነ ዝርዝሩን በዓይን የሚያይ ሰው አይጠረጥርም። በዚያ አካውንት የተፈጠረ ፋይል እንኳ ሲታይ ባለቤቱ ሩት ነው ይላል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ጽሑፍን በክፍል በክፍል በሚለየው አውክ በተባለው ትእዛዝ ሦስተኛው ክፍል 0 የሆነባቸውን መስመሮች በማውጣት ነው። ከአንድ በላይ መስመር ከወጣ ሌላውን ሥራ ትታችሁ እሱን ተከታተሉ።

በ0 ብቻ ግን አያበቃም። ቁጥሩ 1001 የሆነ ሰው ኡቡንቱ ላይ ሱዶ፣ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራ ላይ ዊል የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ካለ በራሱ ፓስወርድ የሩትን ሥራ ይሠራል። ይህ ፈቃድ በሚጻፍበት ሱደርስ ፋይል ውስጥ ለብቻው የተጻፈለትም ሊኖር ስለሚችል፣ እንደ ሩት የሚያሠራው ሱዶ የተባለው ትእዛዝ ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው የፈቀደውን እንዲዘረዝር መጠየቅ ይሻላል። ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል የተነጠለ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደውን የዶከርን ግሩፕም አትለፉ፤ አባሉ የሰርቨሩን ዲስክ በሙሉ ኮንቴነር ውስጥ ከፍቶ እንደ ሩት መጻፍ ይችላል። በእኔ እይታ ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው።

ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ ፓስወርዱን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከርቀት ያለ ፓስወርድ የሚያስገባው የኤስኤስኤች ቁልፉ እዚያው ካለ አሁንም ሊገባ ይችላል። የአካውንቱን የአገልግሎት ዘመን ማብቃት ያስፈልጋል። አካውንቱን ብታጠፉትም የግል ፋይሎቹ ከሚቀመጡበት ከሆም ማውጫው ውጭ ያሉት ፋይሎቹ በቁጥሩ ተመዝግበው ይቀራሉ። የጠፋው 1003 የመጨረሻው ቁጥር ከነበረ፣ ቀጥሎ የሚፈጠረው አካውንት ያንኑ 1003 ይወስድና የሌላ ሰው ፋይሎች ባለቤት ይሆናል። ፋይል የሚፈልገው ፋይንድ የተባለው ትእዛዝ ባለቤት የሌላቸውን ፋይሎች ለይቶ የሚያወጣበት ኖዩዘር የሚባል አማራጭ አለው፤ እሱን አዲስ አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት አስኪዱት።