ጾም፣ የሚጥል በሽታ እና የመድኃኒት ሰዓት

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሽታውን የሚገታው በደም ውስጥ ያለው መጠን ብዙም ሳይዋዥቅ ሲቆይ ነው። ጾም የእህል ውኃን ሰዓት ሲያዛውር ክኒን የሚዋጥበትንም ሰዓት አብሮ ያዛውራል። ብዙ ሰው የሚፈራው ረሃቡን ነው፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የተዛባው ሰዓትና የጎደለው እንቅልፍ ነው።

የረመዳን ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃንም ይከለክላል። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች በጋ ላይ ሲውል ከ16 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። የአይሁድ ዮም ኪፑር 25 ሰዓት ያህል ቢረዝምም የአንድ ቀን ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ክርስትና ሥጋና ወተት መተው ብቻውን የመድኃኒቱን ሰዓት አይነካም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ከእህል ውኃ መከልከል ሲጨመርበት ግን የጠዋቱ ክኒን ይዘገያል።

አንድ ታማሚ 14 ሰዓት ይጾማል እንበል፤ ክኒኑን በሱሁር፣ ማለትም ጾመኛ ከንጋት በፊት በሚመገብበት ጊዜ፣ ከሌሊቱ 10:30፣ ከዚያም በማፍጠሪያ ማታ 12:30 ይውጣል። መድኃኒቱ ሌቬቲራሴታም ከሆነ፣ በአዋቂ ሰው ግማሹ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ስለሚወገድ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ በደሙ የሚቀረው ሩብ ገደማ ነው። ፌኖባርቢታል ግን ግማሹ እስኪወጣ አራት ቀን ያህል ሊፈጅ ስለሚችል በዚያው 14 ሰዓት የሚጎድለው ከመቶ 10 ገደማ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ፌኖባርቢታል ከጾም ጋር እምብዛም አይጋጭም። ችግሩ የሚብሰው በቀን ሦስት ጊዜ ለሚወስድ ሰው ነው፤ የቀትሩ ክኒን ቦታ ያጣል። ከማታው ጋር ደርቦ የሚውጠው አለ። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት እንዲህ ሲደረብ ያዞራል፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎም ያሳያል። ሐኪም ከጾሙ ሳምንታት ቀደም ብሎ ከተጠየቀ ቀስ በቀስ ወደሚለቀቅ ዓይነት ሊቀይረው ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ክኒን አይፈጭም፣ አይታኘክም።

እንቅልፍ ማጣት በተለይ በጉርምስና የሚጀምረውን፣ ማዮክሎኒክ የሚባለውን ዓይነት ይቀሰቅሳል። እነዚህ ታማሚዎች ገና እንደነቁ እጃቸው በድንገት ብርግግ ስለሚል የያዙት ስኒ ሊወረወር ይችላል። ሌሊቱን አምሽተው ለሱሁር መነሳታቸው ሕመሙ የሚጠብቀውን ምቹ ሰዓት ይፈጥርለታል።

የሚገርመው፣ ጾም ራሱ በጥንት ዘመን የዚህ ሕመም ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የጾምን ውጤት በምግብ ለመተካት ታስቦ ቅባት የሚበዛበት፣ ኬቶጄኒክ የሚባለው አመጋገብ ተቀረጸ፤ ዛሬም መድኃኒት እምቢ ላላቸው ሕፃናት ይታዘዛል። ይህ ግን በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው፤ ክኒን አቋርጦ መጾምን አይደግፍም።

እስልምና ታማሚን ከጾም ያሰናብታል፤ የአይሁድ ሕግ ሕይወትን ያስቀድማል፤ ካህናትም ለሕመምተኛ ጾምን ያቀልላሉ። እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ነው። ለወራት ስላልጣለው ድኛለሁ ብሎ ያምናል፤ ያቆየው ግን ክኒኑ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ሳያባራ የሚቀጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል። በዚያ ሰዓት «ጾሙ አድክሞት ነው» ተብሎ ውኃ ወይም ስኳር አፉ ውስጥ አይደረግም፤ ትን ሊለው ይችላልና በጎኑ ማስተኛት ይቀድማል።